ማንበብና መጻፍ ለእንግሊዝኛ መምህር፤ ከካርቱም የትምህርት ታሪክ

የአንድ አገር የትምህርት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጠረው የትምህርት ቤቱና የተማሪው ብዛት፣ የሚወሳውም የመሠረቱን ድንጋይ ያኖረው ባለሥልጣን ስም ነው። ተማሪው መጽሐፉን ገልጦ እንዴት እንዳነበበ፣ ብዕሩንም አንሥቶ ምን ለመጻፍ እንደ ቻለ ግን የሚተርክልን ጸሐፊ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ መምህር የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የትምህርት ቤት ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት የምንሞክረው በጎረቤታችን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ለመሆን የሚሠለጥኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሊቃውንትን መጻሕፍት አንብቦ የማመዛዘንንና በማስረጃ የተደገፈ ድርሰት የመጻፍን ችሎታ ከየት ሲያገኙ እንደ ኖሩ ነው። ካርቱምን የመረጥንበት ምክንያት አለ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንግሊዝኛ በዚያች ከተማ አስቀድሞ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሁሉ ቋንቋ ነበረ፤ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው ብቻ ቋንቋ ሆነ፤ በመጨረሻም ከብዙዎቹ የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ቀረ። በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል «ንባብንና ጽሕፈትን ማን ያስተምር?» የሚለው ጥያቄ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሮ በእንግሊዝኛ መምህሩ ትከሻ ላይ ዐርፏል። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ የምናስተምር ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነት በኋላ ነው። ጄኔራል ኪችነር በ1898 በኦምዱርማን አጠገብ የማህዲን ተከታዮች ጦር ድል ካደረገ በኋላ፣ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት በካርቱም በተገደለው በጄኔራል ጎርዶን ስም ኮሌጅ እንዲሠራ አሰበና የእንግሊዝን ሕዝብ 100,000 ፓውንድ ለመነ፤ ከለመነውም በላይ አገኘ። የመሠረቱን ድንጋይ በ1899 መጀመሪያ ሎርድ ክሮመር አኖረ፤ ኮሌጁም በ1902 መጨረሻ ተከፈተ። ቦታው ከእኛ አገር የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በግራ ዳርቻው ላይ ነው። ኮሌጅ ይባል እንጂ ትምህርቱ በመጀመሪያ ከአንደኛ ደረጃ የሚያልፍ አልነበረም። የመጀመሪያው የትምህርት ዲሬክተር ጄምስ ከሪ ያወጣው ዓላማ የእጅ ሙያ ያላቸውን ሰዎች ማፍራት፣ ሕዝቡ የመንግሥቱን አሠራር በመጠኑ እንዲረዳ ማድረግና ለአስተዳደሩ የሚያስፈልጉ ጥቂት የአገር ተወላጅ ሠራተኞችን ማዘጋጀት ነበር።

ስለዚህ በካርቱም የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ጽሕፈት የቢሮ ጸሐፊ ጽሕፈት ነበረ። ተፈላጊው ሰው የአለቃውን ደብዳቤ አጥርቶ የሚገለብጥ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ሳያዛባ የሚተረጕም ነው። የእጁ ጽሕፈት ያማረ መሆን አለበት፤ የራሱን አሳብ እንዲጽፍ ግን የሚጠይቀው አልነበረም። ከ1924ቱ የወታደሮች ዐመፅ በኋላማ መንግሥቱ የተማረውን ወጣት በጥርጣሬ ዓይን ማየት ስለ ጀመረ ከፍ ያለው ትምህርት የሚስፋፋበት መንገድ ለብዙ ዓመት ጠበበ።

የሚያስደንቀው ግን ኮሌጁ ያላስተማረውን ተመራቂዎቹ ራሳቸው መማራቸው ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ውስጥ የቀድሞ የጎርዶን ኮሌጅ ተማሪዎች በኦምዱርማን የንባብ ማኅበሮች አቋቋሙ፤ ከእነዚህም አቡ ሩፍና ሃሽማብ የሚባሉት ሁለቱ ስመ ጥር ናቸው። ቀን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ይውላሉ፤ ከሥራ በኋላ ተሰብስበው የዐረብኛና የእንግሊዝኛ መጻሕፍትንና መጽሔቶችን እያነበቡ ይከራከሩ ነበር። በ1934 ዐረፋት ሙሐመድ ዐብደላ ያቋቋመው «አል-ፈጅር»፣ ትርጓሜው «ጎሕ» ማለት የሆነው መጽሔት፣ የወጣው ከዚህ ዓይነቱ ክበብ ነው፤ በኋላ ጊዜ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሙሐመድ አሕመድ ማሕጁብም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። በ1938 የተመራቂዎች ጉባኤ ተመሠረተ፤ በ1942ም ይኸው ጉባኤ የሱዳን ሕዝብ ዕድሉን ራሱ እንዲወስን መጠየቅን የጨመረ ባለ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ማመልከቻ ለመንግሥቱ አቀረበ። ደብዳቤ እንዲገለብጥ የሠለጠነው እጅ ስለ አገር ጉዳይ ክርክርን በተራ በተራ አደራጅቶ ወደ መጻፍ ደረሰ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቊጥር የምገረመው ማኅበሮቹ መምህር ያልነበራቸው በመሆኑ ነው። የነበራቸው መጽሐፍ፣ የሚከራከራቸው ጓደኛና የጻፉትን የሚያነብ ሰው ነው። አንድ ሰው ያነበበውን ነገ በጓደኞቹ ፊት እንደሚጠየቅበት ካወቀ አነባበቡ ይለወጣል፤ የጻፈውም ቀይ እርሳስ ለያዘ መምህር ብቻ ሳይሆን ለእውነተኛ አንባቢ እንደሚደርስ ካወቀ አጻጻፉ ይለወጣል። በኋላ የመጡት የቋንቋ ምሁራን በብዙ ጥናት የደረሱበት ነገር ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

ስለ መምህራን ሥልጠና በሱዳን ሲነሣ ከካርቱም ወጣ ብሎ በነጭ ዓባይ ዳር፣ በድዌም ከተማ አጠገብ በ1934 የተመሠረተውን የበኽት አር-ሩዳን ማሠልጠኛ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። መሪው ግሪፊትስ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር፤ ከሱዳናውያን የሥራ ጓደኞቹም ዋናው ዐብዱልረሕማን ዐሊ ጣሃ በ1948 የአገሩ የመጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። በዚያ ስፍራ አዲስ ትምህርት ወደ አገሩ ትምህርት ቤቶች ከመላኩ በፊት በማሠልጠኛው ትምህርት ቤቶች ይፈተን ነበር፤ ለመምህሩም ዝርዝር መምሪያ ይዘጋጅለታል፤ በሥራ ላይ ያለውም መምህር ተመልሶ ትምህርቱን ያድሳል። ለመንደር ትምህርት ቤት መምህር ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱን ርምጃ መምሪያ ሲነግረው የኖረ መምህር፣ መምሪያ የሌለውን መጽሐፍ ብቻውን ገልጦ ማመዛዘንን ከዚያ አያገኝም። ያ ዕዳ ለዩኒቨርሲቲው የተተወ ነበረ።

ጎርዶን ኮሌጅ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ልዩ ግንኙነት አድርጎ ተማሪዎቹ የለንደንን ዲግሪ እንዲፈተኑ ተደረገ። በ1951 ከኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተባለ፤ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀችበት በ1956ም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያን ጊዜ የትምህርቱ መሰላል አራት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነበረ። እንግሊዝኛ በመካከለኛው ደረጃ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይጀመራል፤ በሁለተኛ ደረጃ ግን ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ደጅ የሚደርሰው ተማሪ በእንግሊዝኛ ብዙ አንብቦና ብዙ ጽፎ የመጣ ነው። «የንባብ ትምህርት» ብሎ ያስተማረው ሰው ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን የታሪክ መምህሩ የአንድን ጦርነት ምክንያት በድርሰት እንዲያስረዳ ሲያዘው፣ የጂኦግራፊ መምህሩ አንድ ምዕራፍ እንዲያሳጥር ሲያዘው፣ ልማዱ ሳይታወቀው ገባበት።

የዚያ ዘመን ፍሬ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለማየት የዐብደላህ አጥ-ጠይብን ሕይወት መመልከት ይበቃል። እኚህ ሰው ከዕውቅ የእስልምና ሊቃውንት ቤተ ሰብ ተወልደው፣ በጎርዶን ኮሌጅ ተምረው፣ በ1950 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ በበኽት አር-ሩዳም መምህራንን አሠለጠኑ፤ በኋላም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መሪ እስከ መሆን ደረሱ። የዐረብኛ ቅኔ ታላቅ ሊቅ ሲሆኑ በእንግሊዝኛም ይጽፉ ነበር። በሁለት ቋንቋ ማሰብ አንዱን በማጥፋት ሌላውን ማግኘት እንዳልሆነ ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

በ1961 በዩኔስኮ ርዳታ በኦምዱርማን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ይኸው ማሠልጠኛ በ1974 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ሆኗል። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህራን በብዛት መሠልጠን የጀመሩት በዚህ ነው። ነገር ግን ማሠልጠኛው ገና በእግሩ ሳይቆም የሚመጡለት ተማሪዎች ዓይነት ተለወጠ።

በጥቅምት 1964 ሕዝቡ የጄኔራል ዐቡድን መንግሥት ካወረደ በኋላ፣ በ1965 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ ተለወጠ። ውሳኔውን ለመንቀፍ አልጽፍም፤ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ነገሩ እንደሚገባው እኛም ከገዛ አገራችን እናውቃለን። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነበር። ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ማስተማሩን ስለ ቀጠለ በሁለቱ መካከል ድልድይ የሌለው ገደል ተከፈተ። ተማሪው ስለ ፎቶሲንተሲስ በዐረብኛ ተምሮ ይመጣል፤ በዩኒቨርሲቲው ደግሞ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይሰጠዋል። ቀድሞ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ሳያውቁት ይሠሩት የነበረው የማንበብና የመጻፍ ሥልጠና ባለቤት አጣ። አንድን ነገር ሁሉ ሰው በጋራ ሲሠራው ማን እንደሚሠራው አይታወቅም፤ መሠራቱ ሲቀር ግን ወዲያው ይታወቃል።

ዩኒቨርሲቲው ለዚህ መልስ ለመስጠት የእንግሊዝኛ ቋንቋ አገልግሎት ክፍል አቋቋመ። ከ1973 እስከ 1978 ክፍሉን የመራው ጆን ስዌልስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ቀደም ሲል በሊቢያ አስተምሮ ስለ ሳይንስ እንግሊዝኛ አጻጻፍ በ1971 መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ከ1975 ጀምሮም በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ተመሳሳይ ሥራ ለያዙ መምህራን የሚሆን «ኤስፕሜና» የተባለ መጽሔት ከካርቱም ይወጣ ጀመር። የእነዚህ መምህራን ጥያቄ «ተማሪው ምን ያህል ሰዋስው ያውቃል?» የሚለው ብቻ አልነበረም፤ «ይህ ተማሪ ነገ በቤተ መጻሕፍት የሚጠብቀው መጽሐፍ እንዴት ተሠርቷል?» የሚል ነበር። ስዌልስ ካርቱምን ከለቀቀ በኋላ በ1981 የአርባ ስምንት የምርምር ጽሑፎችን መግቢያዎች መርምሮ ሊቃውንት በመግቢያቸው የሚራመዱት በታወቀ ቅደም ተከተል መሆኑን አሳየ፤ በ1990 ባሳተመው መጽሐፉም ርምጃዎቹን ወደ ሦስት አሳጠራቸው። በእኛ አነጋገር ብንተረጕመው ጸሐፊው አስቀድሞ ግዛቱን ያመለክታል፤ ቀጥሎ በግዛቱ ውስጥ ማንም ያላቀናው ጠፍ መሬት እንዳለ ያሳያል፤ በመጨረሻም ያንን መሬት ራሱ ያቀናዋል። ይህ ትምህርት ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። በካርቱም የቆየባቸው ዓመታት በአሳቡ ላይ ምን ያህል እንደ ሠሩ መለካት ባይቻልም፣ ጥያቄው ከተራበ ተማሪ ፊት የመጣ ጥያቄ መሆኑ አያጠራጥርም።

በክፍል ውስጥ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለሙያ ጓደኞቼ ጥቂት ልዘርዝር። ለተማሪው አንድ ምዕራፍ ሲሰጠው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ መዝገበ ቃላት እየገለጠ እንዲያዘግም አይደረግም። አስቀድሞ አርእስቱን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ፣ የየአንቀጹንም መክፈቻ ዐረፍተ ነገር ተመልክቶ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደ ፈለገ ይገምታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነበው ግምቱን ለመፈተን ነው። ሲያነብም «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «በአንጻሩ» የሚሉትን ቃላት ይከታተላል፤ የክርክሩ መንገድ የሚታጠፈው በእነዚህ ዘንድ ነውና። ቀጥሎ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በራሱ ቃል በአምስት ወይም በስድስት መስመር ይጽፋል። መጽሐፉ መዘጋት አለበት፤ ክፍት ከሆነ ከመቶ ዘጠናው ይገለብጣል። በሚቀጥለው ቀን ስለዚያው ነገር ተቃራኒ አሳብ ያለው ሌላ ምንባብ ይሰጠዋል፤ ሁለቱን ጸሐፊዎች በአንድ አንቀጽ ውስጥ በስማቸው ጠርቶ እንዲያነጋግራቸው ይታዘዛል። አንዱ ያለውን ከሌላው ሳያደባልቅ፣ የራሱንም ፍርድ ከሁለቱም ለይቶ መጻፍ የቻለ ዕለት ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ሰው ሆነ ማለት ይቻላል።

የካርቱም ተማሪ የራሱ የሆነ ችግርም አለው። የሚያውቀው ጽሕፈት ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ልዩነት የለውም፤ በአሁን ጊዜ «ነው» የሚለውን ግሥ አይጠቅስም፤ ጥሩ የዐረብኛ ጽሑፍም ዐረፍተ ነገሩን ከዐረፍተ ነገር ጋር «ወ» በሚለው መስተጻምር እያያያዘ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ተማሪው ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ሲወስደው ገጹን ሙሉ ያለ ነጥብ ይሞላዋል። እንግሊዛዊው መምህር ይህን ስንፍና ሊያደርገው ይችላል፤ ነገሩ ግን በሌላ ቋንቋ ዘንድ ምስጉን የሆነ ጥበብ ነው። የእኛ ተማሪ በበኩሉ ማሠሪያ አንቀጹን በመጨረሻ ማኖር ስለ ለመደ፣ በእንግሊዝኛም ሲጽፍ የድርሰቱን ዋና አሳብ ደብቆ ይቆይና እንደ ቡና ሦስተኛ መጨረሻ ላይ ያቀርበዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ከእንግሊዝ አገር የመጣ መጽሐፍ አይነግረንም፤ የሁለቱን ቋንቋ ጠባይ የሚያውቀው የአገሩ ተወላጅ መምህር ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የአገልግሎት ክፍሉ ስሙ እንደሚያመለክተው የተቋቋመው ሌሎቹን ፋኩልቲዎች ለማገልገል ነው፤ ሳይንሱን፣ እርሻውን፣ ሕጉን። እንግሊዝኛን ዋና ትምህርቱ ያደረገው ተማሪ ግን፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚታየው፣ ማንበብና መጻፍን እንደሚያውቅ ተቈጥሮ በቀጥታ ወደ ሥነ ጽሑፍ፣ ወደ ድምፀ ልሳንና ወደ ማስተማር ዘዴ ይገባል። የመጋቢው ልጅ ጦሙን ያድራል እንደ ማለት ነው።

በ1989 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት በ1990 ዐረብኛ የዩኒቨርሲቲዎችም ሁሉ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ፤ የሚገባውም ተማሪ ቁጥር እጥፍ እንዲሆን አዘዘ፤ በየክፍለ ሀገሩ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ። በዚያው ዘመን የትምህርቱ መሰላል ወደ ስምንትና ሦስት ዓመት ተለውጦ እንግሊዝኛ ከአምስተኛ ክፍል ጀመረ፤ «ስፓይን» የተባሉት የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍትም ተዘጋጁ። በውሳኔው መሠረት የሐኪሙና የመሐንዲሱም የትምህርት ቋንቋ ዐረብኛ መሆን ነበረበት። በእንግሊዝኛ ረዥም መጽሐፍ ማንበብና ረዥም ድርሰት መጻፍ ከሞላ ጐደል የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ዕጣ ሆነ። የሚጽፈው ስለ እንግሊዝኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ ነው። አቡ ሩፍና ሃሽማብ የነበራቸው ተከራካሪና አንባቢ ለእርሱ የለውም። ክፍሉ ሲጨናነቅ ደግሞ መምህሩ የሁሉን ድርሰት ለማረም ስለማይችል ድርሰቱ ይቀርና ፈተናው ባዶ ቦታ መሙላት ይሆናል፤ መጽሐፉ ይቀርና ተባዝቶ የሚታደል ወረቀት ይነበባል። የታደለውን ወረቀት ብቻ አንብቦ የተመረቀ ተማሪ ነገ የክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ መምህር ይሆናል፤ ከእርሱ የሚማሩት ልጆች ደግሞ ከዐሥር ዓመት በኋላ ወደዚያው ፋኩልቲ ተመልሰው ይመጣሉ። ቀለበቱ እንዲህ ይዞራል።

«የሕፃንነት ትምህርታቸው በቃል ማጥናት ስለ ነበረ ነው» የሚል ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሰማል። በሱዳን ሕፃኑ በኸልዋ ተቀምጦ ቍርዓንን በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፈ፣ እያጠበ፣ በቃሉ ያጠናል፤ በእኛም ዘንድ ልጁ ከፊደል ወደ ዳዊት እንዲሁ ይወጣል። እኔ ይህን ምክንያት አልቀበለውም። በእኛ የቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ነውር ነው፤ ዘወትር አዲስ ማፍለቅ አለበት። በመጻሕፍት ቤት ደግሞ መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በየትርጓሜው ሲያወርደው፣ ልዩ ልዩ አሳቦችን ሳይደባልቁ ጎን ለጎን ማቅረብን ያሳያል። ቃል በቃል ማጥናት መነሻ እንጂ መጨረሻ አልነበረም። የጐደለው ነገር ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ውስጥ ወራሽ አለማግኘቱ ነው።

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቋንቋ እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ ነው፤ ከ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ ልጆች የአንደኛ ደረጃን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጀምራሉ። ስለዚህ በ1965 በካርቱም በዩኒቨርሲቲው ደጅ የተከፈተው ገደል በእኛ ዘንድ ዝቅ ብሎ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ በሚሻገሩበት ስፍራ ይገኛል። የሚሻገሩበትን ልጆች የሚቀበለው ከማሠልጠኛችን የወጣው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። የዚህን መምህር የንባብና የጽሕፈት ትምህርት በሰዋስው ትርፍ ሰዓት የምንሰጠው ከሆነ፣ ወይም ድርሰት ሳይጽፍ የድርሰት ማስተማር ዘዴን የምንፈትነው ከሆነ፣ የካርቱምን መንገድ ያለ ካርቱም ዐዋጅ እየሄድንበት ነው።

በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዘጉ፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ ተበተኑ። በግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ጸሐፊው በሙሐመድ ዑመር በሺር ስም የተሰየመው የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ፤ ከዘጠና ዓመት በፊት የአቡ ሩፍና የሃሽማብ ወጣቶች መጽሐፍ ይዘው በሚሰበሰቡባት ከተማ ውስጥ ማለት ነው። ከተሰደዱት መካከል አንዳንዶቹ በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገብተው በኩመርና በአውላላ ካምፖች ተጠልለው ነበር።